አጎቴ ድሀ መሆኑ የጸደቀበት ስብሰባ

በአጎቴ ተረከዝ ላይ የወጣው ጥቁር ቁስል የቆዳ ካንሰር መሆኑን የነገሩን ጅማ ሆስፒታል ነው። ቶሎ ተቆርጦ መውጣት አለበት፣ መክፈል ካልቻላችሁ ግን ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት አምጡ አሉን። ወደ አጋሮ ተመለስን። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደግሞ ድህነቱ በስብሰባ ካልጸደቀ ማኅተም አልመታም አለ።

እሁድ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሊቀመንበሩ «አባባ፣ ጨርቁን ይፍቱትና ሰፊው ሕዝብ ይየው» አለ። የሰው ድህነት ተረከዙ ላይ ይታይ ይመስል። ነገሩን ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል፤ የሚያቅለሸልሸኝ ግን ቁስሉ አይደለም። አጎቴ አጎንብሶ ጨርቁን ፈታው። ሽታው እስከ በሩ ደረሰ።

«ድሀ ናቸው የምትሉ እጃችሁን አውጡ!»

ጎረቤቶቻችን፣ በየዓመቱ አብረውን ቡና የሚለቅሙት ሁሉ፣ በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን ይዘው ሌላውን አወጡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከዚያ እንደ ደንቡ የመዝጊያ መፈክር ተባለና ሰዉ ግራ እጁን ጨብጦ ተነሳ። አጎቴም በአንድ እግሩ ቆመ። ማኅተሙ እንዳይቀርበት ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ መግል የጠጣውን ጨርቅ እንደጨበጠ ግራ እጁን ከሁሉም በላይ ሰቅሎ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» አለ።