ሽማግሌ ያስላከ ዶሮ ወጥ

የዘነበወርቅ አንድ ተራ የሥራ ቀን ምን ያስወጣታል? ከቦርሳዋስ ብዙም አይወጣም፤ ምሳዋን ከቤት ትይዛለች፣ ቡናዋንም በቴርሞስ። ወጪው ሌላ ቦታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማዋ መስኮቱ የሚያየው ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይን ስለሆነ የከባድ መኪናው ጩኸት እንቅልፏን ሲሸራርፍባት ያድራል። ገና ሳይነጋ ተነስታ የትምህርት ቤት አውቶቡሷን ታስነሳለች። ከዚያ በኋላ መቀመጥ ነው። ወላጆች ሞተር ሳያጠፉ በተሰለፉበት በር ላይ ጭሱን እየማገች ትቀመጣለች፤ ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ልጆች በውሃ ኮዳ ሲደባደቡ በመስታወት እየተቆጣች ትቀመጣለች። መንገድ ላይ ሽንት ቤት ስለሌለ ውሃ አትጠጣም። በጠዋቱና በከሰዓቱ ጉዞ መካከል ደግሞ ድንች ቺፕስ እየቆረጠመች እዚያው ታንቀላፋለች። የዚህ ሁሉ ከፋይ ልቧ ነው። ልቧ ግን ሒሳብ ልኮላት አያውቅም ነበር።

በመስከረም ላከ። አውቶቡስ ነጂዎች በየጊዜው የጤና ምርመራ አለባቸው፤ ያላለፈ መሪ አይጨብጥም። ነርሷ ክንዷን ጠቅልላ ለካቻት፣ ፊቷን ቅጭም አደረገች፣ እንደገና ለካቻት። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። የሦስት ወር ጊዜያዊ የጤና ካርድ ሰጠቻትና በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልወረደ መንዳት እንደማይቻል ነገረቻት። ዘነበወርቅ ደግሞ ብቻዋን ቤት የያዘችው በዚያ መሪ ነው። ሥራዋንም ትወደዋለች፤ ልጆቹ "ሚስ ዚ" እያሉ ነው የሚሳፈሩት።

ሐኪሟ ኪኒን አዘዘችላት። ጨው ቀንሺ፣ ተራመጂ፣ ደህና ተኚ አለቻት። ዘነበወርቅ ሁሉንም እሺ ብላ አንድ ነገር ከራሷ ጨመረችበት፦ ለማንም ላትናገር። "ዘነበወርቅ ታማለች" የሚል ወሬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ወንዝ ማዶ ያለችው ስፕሪንግፊልድ ለመድረስ ትራፊክ አያግደውም።

እውነት ለመናገር ጎበዝ ሆነች። አልጋዋን ከመስኮቱ አርቃ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዞረችው፤ ወፍራም መጋረጃም ሰቀለች። በሁለቱ ጉዞ መካከል ስላይጎ ክሪክ በሚባለው ወንዝ ዳር ዳሩን ትራመዳለች፤ መጀመሪያ እያለከለከች፣ ኋላ ኋላ እያንጎራጎረች። ወጥ ላይ ጨው መነስነስም እርግፍ አድርጋ ተወች።

ጣጣው የመጣው እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ነው። የወንድሟ የደሳለኝ ሚስት ብሩክታይት በጥቅምት ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ደግሳ ጠራቻት። ዶሮ ወጡ ቅቤው ላዩ ላይ እየተንሳፈፈ ቀረበ። ዘነበወርቅ ሰላጣውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

"እትዬ ዘነቡ፣ መላላጫውን እኮ ለአንቺ ብዬ ነው ያስቀረሁት።"

"ጠግቤያለሁ ብሩኬ።"

"በሰላጣ? ጥንቸል ነሽ እንዴ?"

"በቃኝ አልኩሽ።"

"በሞቴ! አንዲት ጉርሻ!"

"አልችልም።"

ብሩክታይት የጠቀለለችውን ጉርሻ አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። በመጨረሻ ለደሳለኝ አጎረሰችው፤ እሱም ቢሆን ከጠገበ ቆይቷል።

በሳምንቱ የዘነበወርቅ በር ተንኳኳ። ስትከፍት የቤተሰቡ ታላላቆች፣ ጋሽ ሙሉዓለምና ጋሽ ሀዲስ፣ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ቆመዋል።

"ግቡ፣ ግቡ! አረፍ በሉ።"

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ሙሉዓለም።

"የምን ጉዳይ?"

"ልጄ፣ በቤተሰብ መካከል ቅሬታ አይጠፋም። ብሩክታይት ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ምን እንዳስቀየመችሽ ንገሪንና ይቅርታ ትጠይቅሽ።"

"ኧረ በማርያም! ምንም አላስቀየመችኝም!"

"ታዲያ ወጧን ለምን መለስሽባት?" አሉ ጋሽ ሀዲስ። "እኔ ሁለቴ ነው ያስጨመርኩት። እንከን አልነበረውም።"

ዘነበወርቅ ጨነቃት። ዝም ብትል ጠብ ሊሆን ነው፣ ብትናገር ወሬ። ትናንት ፋርማሲ ገብታ ስትለካ ደግሞ ግፊቷ እምብዛም አልወረደም፤ የካርዱም ቀን እየቀረበ ነው።

"ደም ግፊት አለብኝ" አለች። "ካልወረደልኝ አውቶቡሱን ይነጥቁኛል።"

ጋሽ ሙሉዓለም ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። "እንዲህ አትይም ነበር? መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳጠና ነው የመጣሁት!"

ብሩክታይት ለካ ይቅርታ ለመጠየቅ ተዘጋጅታ ታች መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። ተደወለላትና እየሮጠች ወጣች።

"አንቺ ክፉ! ሳምንት ሙሉ ያስለቀስሽኝ በግፊት ነው?"

"ወሬ ፈርቼ ነው።"

"ይኸው፣ ከወሬም አልፎ ሽማግሌ መጣብሽ!"

ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻትና ሳትጋበዝ ኩሽና ገባች። ካቢኔውን ከፍታ በርበሬውን በጣቷ ጫፍ ቀመሰች። ሽሮውንም ቀመሰች።

"ጨው ትቻለሁ ነው የምትይው?"

"ከተውኩ ወር አልፎኛል። ምን ዋጋ አለው፣ አልወርድ አለ እንጂ።"

"እትዬ፣ ማን ነው ይሄን የላከልሽ?"

"እህቴ ናታ፣ ከአዲስ አበባ። እሷው አስፈጭታ።"

"ጨው እኮ አብሮት ነው የተፈጨው! በርበሬውም፣ ሽሮውም!"

ዘነበወርቅ አፏን በእጇ ያዘች። ሐኪሟን አክብራ የጨው ዕቃዋን ደብቃ ማታ ማታ በማንኪያ ስትዝቀው የከረመችው እሱኑ ነው። ጋሽ ሀዲስ ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ብሩክታይት በማግስቱ ሴቨን ኮርነርስ ገበያ ሄዳ ዛላ በርበሬ ገዛች፤ ቅመሙን አሟልታ ያለ ጨው ፈጨችላት። ሽሮም እንዲሁ። በራሷም ቤት በዚያው መሥራት ጀመረች፤ ወጡ ጎደለው እንዳይባል ነጭ ሽንኩርቱን አበዛችበት፣ ሎሚ ጠብ አደረገችበት። ቅቤውንም ቀነሰችው። ደሳለኝ ለሁለት ሳምንት አጉረመረመ፣ ከዚያ ለመደው። ጋሽ ሀዲስ ግን እስከ ዛሬ አልለመዱም፤ ብሩክታይት ቤት ሲጋበዙ ጨው በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ ተብለው ይታማሉ።

በታኅሣሥ ዘነበወርቅ ነርሷ ፊት ተቀምጣ ክንዷን ዘረጋች። ዓይኗን ጨፈነች። ነርሷ ለካች፣ ጻፈች፣ ፈገግ አለች። የዓመት ካርድ። ወረደልኝ ብላ ኪኒኗን አላቆመችም፤ ሐኪሟ በዚህ ቀልድ አታውቅም። መራመዱንም ቀጥላለች፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ብሩክታይት አብራት ትሄዳለች፣ ወሬውም ያኔ ይወራል።

ይህን ለሚያነብ ሁሉ ዘነበወርቅ አንድ ነገር ትለምናለች። እባካችሁ፣ ማዕዳችሁ ላይ "በቃኝ" የሚል እንግዳ ሲገጥማችሁ አኮረፈ አትበሉ። የያዛችሁትን ጉርሻ መልሳችሁ፣ ጠጋ ብላችሁ፣ ሌላው ሳይሰማ "የሚስማማህ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት።