የመጨረሻዋ ቁራጭ

አርዲስ ቶለፍሰን ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች፤ በዊስኮንሲን በረዶ ላይ አንድም ቀን ቦይ ገብታ አታውቅም። ሦስት ልጆች አሳድጋ ድራለች። ኬክ ግን ከጋገረች አርባ ዓመት ሆኗታል። ኦቭኗ የተበላሸው የመጨረሻ ልጇ ዳዴ ሲል ነው። ባሏ ኦርቪል ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየውና "አሠራዋለሁ" አለ። ያ ልጅ ዛሬ ራሰ በራ ሆኗል። ኦቭኑ ውስጥ አሁን የኦርቪል የዓሣ ማጥመጃ ቦት ጫማዎች ይኖራሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት በምትኖርበት ሐይቅ ዳር ሰው ፊት እንዴት ትቀርባለች? ለሠርጉም ለቀብሩም የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ሴቱ ሁሉ ከቤቱ ምግብ ሠርቶ ይመጣል፤ እጇን አወዛውዛ የመጣችማ ዓመቱን ሙሉ በሐሜት ስትነሳ ትከርማለች። አርዲስን ያወጣት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኦቭን የማያውቀው የቼሪ ጣፋጭ። ብስኩቱን በፌስታል አድርጋ በመዳመጫ ትወቅጠዋለች፤ በቀለጠ ቅቤ ለውሳ የመስታወት ሳህን ውስጥ ትጠቀጥቀዋለች፤ ለስላሳ አይብ ከስኳርና ከተመታ ክሬም ጋር ትደርብበታለች፤ ከላይ ቼሪ ታፈስበትና ወደ ፍሪጅ። አለቀ! ቼሪው ደግሞ የጣሳ ነው። ከኩሽናዋ መስኮት ሥር አርባ የቼሪ ዛፍ ተኮልኩሎ፣ እሷ ጣሳ ትከፍታለች።

ይቺን ጣፋጭ ይዛ አርባ ዓመት ሄዳለች፤ አርባ ዓመትም ሳህኗ ባዶውን ተመልሷል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚያ አገር የመጨረሻዋን ቁራጭ መብላት ነውር ነው። አንድ ቁራጭ ስትቀር አንዱ መጥቶ ግማሿን ይቆርጣል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ፤ በመጨረሻ ጥፍር የምታክል ነገር ሰፊ ሳህን ላይ ለብቻዋ ተጎልታ ትቀራለች። የአርዲስ ሳህን ላይ ብቻ ያቺም አትቀርም። ዞር ሲሉ የለችም። አርዲስ ታዲያ ሳህኗን በብብቷ ይዛ ስትወጣ ደረቷ ከበሩ ቀድሟት ይወጣ ነበር።

በሐምሌ፣ የቼሪ ለቀማው ባለቀበት እሑድ ምሳ ላይ፣ ጉድ ፈላ። ከሚልዋኪ ጡረታ ወጥታ በቅርብ የመጣችው በርናዲን ሆልትዝ ደረጃውን ወርዳ ሳህኗን ከአርዲስ ሳህን ጎን አስቀመጠች። ያው የመስታወት ሳህን፣ ያው ቀይ ጣፋጭ። የሁለቱም ስም የተጻፈው ከሥር በተለጠፈ ፕላስተር ላይ ነው፤ ሙሉ ሳህን ገልብጦ ስም የሚያነብ ደግሞ የለም።

"መንታ ወለድሽ እንዴ አርዲስ?" አለች ጎረቤቷ ሎርና፣ ሳቋን በመሐረብ እያፈነች።

"አንቺ ድንች ሰላጣሽን ጠብቂ፤ ዝንብ ቀድሞሻል" አለች አርዲስ። ውስጧ ግን ተቃጥሏል። ሌላዋ ሴት ብትሸነፍ ነገ ሌላ ነገር ትጋግራለች፤ እሷ ምን አላት? ቦት ጫማ።

ሕዝቡም ተጨነቀ። ከአንዷ በልቶ ሌላዋን ማስቀየም እንዴት ይቻላል?

"ፓስተር፣ ከየትኛው ላንሳልዎ?" አለች ሎርና በተንኮል።

"ከሁለቱም" አሉ ፓስተሩ ላብ እየጠረጉ። "እኩል አድርጊው። እኩል!"

ሁሉም እንደ እሳቸው አደረገ። ለሁለተኛ ጊዜ የሚነሳም ከሁለቱም ይነሳል። ቀበቶው የላላ፣ ወንበር ላይ የተዘረረ፣ ሆዱን ይዞ ወደ ውጭ የወጣ ብዙ ነበር። አርዲስ ማንኪያ ልታጥብ ኩሽና ገባ ብላ ስትመለስ በቀኝ ያለው ሳህን ባዶ ሆኗል። በግራ፣ እሷ የራሷን ባኖረችበት በኩል ያለው፣ አንድ ቁራጭ ይዞ ቀርቷል። ቁራጯ ግማሽ ሆነች፣ ሩብ ሆነች፣ ከዚያ ወዲያ የሚነካት ጠፋ።

አርዲስ ክው አለች። አርባ ዓመት ሙሉ ያልሆነው ዛሬ ሊሆን ነው። ሹካ አነሳች፤ ሰው ሁሉ እያየ ያቺን ቁራጭ ጎርሳ ዋጠቻት። "ወይ ጌታዬ!" አለ አንድ ሽማግሌ። አርዲስ አገጯን ቀና አድርጋ ሳህኗን ልትወስድ አነሳችው፤ ከሥሩ ያለው ፕላስተር ላይ "ሆልትዝ" ይላል። ለካ እሷ ማንኪያ ስታጥብ ሎርና የቡናውን ማንቆርቆሪያ ለማሳረፍ ሳህኖቹን አዘዋውራቸዋለች።

አርዲስ አፏን ሳትከፍት በርናዲን መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እያለቀሰች ነው።

"ሠላሳ ዓመት ለሰው አቅርቤያለሁ" አለች፤ "የመጨረሻዬን የበላልኝ ሰው የለም። አንቺ፣ ያውም አንቺ፣ ሰው ሁሉ እያየ!" ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ "ሌላ ምንም መሥራት አልችልም እኮ። ኦቭኔ ውስጥ ሹራብ ነው ያለው" አለቻት።

አርዲስ ከሃፍረቷ ብዛት መሬት ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ግን አንጀቷን በላቻት።

"እኔ ቦት ጫማ ነው ያለኝ" አለች ቀስ ብላ።

ሁለቱም በሳቅ ፈርሰው ጠረጴዛው ላይ ተደገፉ። ሎርና ምን እንዳሳቃቸው ለማወቅ ሦስት ጊዜ ዞረቻቸው፤ አልነገሯትም።

መኪና ውስጥ ኦርቪል ቀበቶውን እያላላ "ለመሆኑ የማንን እንደበላሽ ታውቂያለሽ? ባዶው እኮ ያንቺ ነበር" አላት።

"አንተ በምን አወቅህ?"

"ሳህኑን ቀና አድርጌ ከሥሩ ስምሽን አይቼ ነዋ የመጨረሻዋን ያነሳሁት።"

አርዲስ ወደ እሱ ዞረች። ኦርቪል መንገዱን አተኩሮ ያያል፤ ጆሮው ቼሪ መስሏል።

"ዛሬ ብቻ ነው?"

ኦርቪል የመኪናውን መስታወት አስተካከለ። አርዲስ ሠርጉን፣ ቀብሩን፣ የገና ምሳውን ሁሉ አስታወሰች፤ ዞር ስትል የምትጠፋውን ቁራጭም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አርባ ዓመት?" አለች።

"ቼሪ እንኳ ያን ያህል አልወድም" አለ ኦርቪል።

አርዲስ መሪውን በያዘው እጁ ላይ እጇን አሳረፈች።

"አንተ ሰውዬ" አለችው፣ "ኦቭኑን ማሠራት አይቀልህም ነበር?"