ለሽምግልና ቱላ ሄጄ የፈታሁት ዳዶ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ሐይቅ ዳር

ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ነጭ ጋቢዬን ደርቤ ከቤት ወጣሁ። ሐይቁ ጭጋጉን ገና አልገፈፈም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ከዓሣ አጥማጆቹ ጀርባ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ቆመዋል።

የጉዞ ጓደኛዬ ደንጊሶ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር። ዛሬ ሁለታችንም ሽማግሎች ነን። ለወንድሜ ልጅ ለናትናኤል፣ የቱላውን የአቶ ላቢሶን ልጅ ምሕረትን ልንጠይቅ ነው። ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለት ጊዜ «እናስብበት» ተብለን ተመልሰናል። ዛሬ ሦስተኛችን ነው። ዛሬም ባዶ እጃችንን ከተመለስን አራተኛው ሽምግልና አይባልም፣ ልመና ነው። ናትናኤል ቁርስ አልወርድለት ብሎ ከቤታችን በር ላይ ቀርቷል።

«ጠጣ» አለኝ ደንጊሶ የዓሣ ሾርባውን ወደኔ እየገፋ። «እዚያ እሺ እስክንባል መቀመጥም መብላትም የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅህን አውቃለሁ። የምፈራው አፍህን ነው። ስለራስህ ማውራት ከጀመርክ ምሕረት አርጅታ ነው የምትዳረው።»

ስለራሴ የማወራው የሚወራ ስላለኝ ነው። ሞተር መጠገን ማንም አላስተማረኝም። ፈትቼ ገጥሜ፣ ገጥሜ ፈትቼ ራሴ ተማርኩት። በዚህ ከተማ እጄ ያልነካው ሞተር ካለ ገና ከካርቶኑ አልወጣም።

1፡30፣ መንገድ ላይ

በባጃጅ ወደ ቱላ እንጓዛለን። አቮካዶ የጫኑ ጋሪዎች፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ልጆች፣ ከአጥር በላይ ብቅ ያለ የእንሰት ቅጠል። ሹፌሩ በመስታወት አየን።

«ለሽምግልና ነው አይደል ጋሼ?»

«በምን አወቅህ?»

«በዚህ ሰዓት እንዲህ ጸድቶ ቱላ የሚሄድ ሌላ ማን አለ?»

«አንተም ፍሪሲዮንህ ሊያልቅ ነው። ጋዝ ስትሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይሰማውም።»

ልጁ አፉን ከፈተ። «ሳይነኩት?»

«በጆሮዬ!»

«ጀመረው» አለ ደንጊሶ፤ ጋቢውን እስከ ጆሮው ሳበ።

2፡30፣ አቶ ላቢሶ ግቢ

አቶ ላቢሶ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሰው ናቸው። ደንጊሶ ጉሮሮውን ጠረገ፦ «አቶ ላቢሶ፣ የመጣንበት ጉዳይ...»

እኔ ግን ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አንድ ቀይ ሞተር አየሁ። ጎኑ ተከፍቶ፣ ሆዱ በጆንያ ተሸፍኖ እንደ በሽተኛ ቆሟል። ጉልበቴ እኔን ሳያማክር ታጠፈ። አጠገቡ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ።

«ተቀመጠ!» አለ ደንጊሶ። በሹክሹክታ ነበር፣ ግን ጎረቤት ሰምቷል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አሉ አቶ ላቢሶ።

«እኔ ደህና ነኝ። ያመመው ይሄ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አቮካዶ ወደ ከተማ የሚያመላልሱት በዚህ ሞተር ነው። አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ከገዙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ነገር ግን አሮጌውን አቅፎ የያዘው ክብ ማሰሪያ፣ ዳዶው፣ ዙሪያውን አራት ቦይ አለው፣ የሚፈታውም በራሱ ልዩ ቁልፍ ብቻ ነው። አንድ መካኒክ በመሮና በመዶሻ ሞክሮ የዳዶውን ከንፈር ቆራርጦት ሄደ።

«ቁልፉ አዲስ አበባ ነው የሚገኘው አሉኝ።»

«ቁልፉ እዚህ ነው» አልኩና ግንባሬን በጣቴ መታሁ። «የብረት መቁረጫ ሴጌቶና ሞረድ ይምጣልኝ!»

4 ሰዓት፣ እዚያው

የተቃጠለ ዘይት ዳዶው ላይ ቀባሁ፣ የሳሙና ካርቶን ጫንኩበት። ሳነሣው አራቱ ቦዮች እንደ ማኅተም ታትመዋል። ልኩን በመቀስ ቆረጥኩ። የመጀመሪያውን ቁልፍ ከተሰበረ አልጋ እግር አወጣሁ። ገና ስነካው አንዱ ጥርስ እንደ ሙዝ ታጠፈ።

«አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም» አለ ደንጊሶ። አሁንም እንደቆመ ነው።

«መጀመሪያ ናሙና ይሠራል!» አልኩት።

ከዶሮው ቤት ጀርባ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ተገኘ፤ ጫፉ ላይ መጋጠሚያው አብሮት ዝጎ አንድ አካል ሆኗል። ደስ አለኝ! ዝገቱ ያለ ክፍያ በይዶልኛል። በመጋጠሚያው የጎን ቀዳዳዎች በኩል ፌሮ አሳልፌ እጀታ አደረግኩት። በሌላኛው ጫፍ አራት ጥርስ በሴጌቶ ቀደድኩ፣ በሞረድ አሾልኩ። ዳዶው ላይ ሳስቀምጠው ቁጭ አለ። ልክ ነው! ሰላሳ ፋብሪካ ቢሰበሰብ ከዚህ የተሻለ አይሠራም።

5፡40

አሁን ፍሪሲዮኑ አብሮ እንዳይዞር መያዝ አለበት። ሞተሩን የመጨረሻ ማርሽ ውስጥ አስገባሁና አቶ ላቢሶን ላዩ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«የኋላውን ፍሬን በሙሉ ክብደትዎ ይርገጡ። እንዳይለቁ!»

ደንጊሶ ይህችን ሰዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ፊት ለፊታቸው ሄዶ ቆመ።

«አቶ ላቢሶ፣ ልጅዎን ምሕረትን ለልጃችን ለናትናኤል እንዲሰጡን ነው የመጣነው።»

«ፍሬን ረግጬ ነው እንዴ ልጅ የምሰጠው?»

«ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። ቢያንስ አሁን ተነሥተው አይሄዱብኝም።»

«እንዳይለቁ!» ጮኽኩ። ፌሮው ላይ ተንጠለጠልኩ። ጋቢዬ ወደቀ። ቧንቧው ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ። ቀጭ!

ዳዶው ዞረ።

አቶ ላቢሶ ዳዶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳቃቸው ፈነዳ። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

«ጠዋት እሺ ልል ነበር እኮ! ምሕረት ቁርጧን ነግራናለች፣ የእንሰቱ ቡርሳሜ በቅቤ ተሠርቷል። እርስዎ ግን ገብተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቆሞ ላልጠየቀ ሰው እሺ ይባላል? አሁን ግን ጓደኛዎ ቆመው ጠይቀዋል፤ እሺ!»

ከቤት ውስጥ እልልታው ቀለጠ። ደንጊሶ ያገኘው በርጩማ ላይ ወደቀ። እውነት ጠዋት ሊሉ ነበር? እኔ የማውቀው ዳዶው ቀድሞ መፈታቱን፣ አፋቸው ተከትሎ መፈታቱን ነው። አንባቢ ይፍረድ።

9 ሰዓት፣ መልስ

ደንጊሶ ቡርሳሜውን ትቶ አልነሣ አለ። እኔን አቶ ላቢሶ ራሳቸው በሞተሩ አሳፈሩኝ። አዲሱ ሸራ እንዴት ይይዛል! ማርሽ ሲቀይሩ ሻይ ብይዝ ጠብታ አይፈስብኝም ነበር። ሐይቅ ዳር እስክንገባ ለመንገደኛው ሁሉ እጄን አወዛወዝኩ።

ከቤታችን ሃምሳ እርምጃ ሲቀረን ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ቆመ። ፍሪሲዮኑ ነው? አይደለም። ሦስት ሳምንት ቆሞ ሲከርም የነዳጅ ታንከሩን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ናትናኤል ከበሩ ፊት እንደ ችካል ቆሟል፣ ፊቱ ገርጥቷል። በዓይኑ «እህስ?» አለኝ። እኔም የመጀመሪያው ቃል የልጅቷ አባት ድርሻ ነውና ምላሴን ነክሼ ያዝኩ። ከዳዶው ይልቅ ይሄ ከብዶኛል።

አቶ ላቢሶ ከሞተሩ ሳይወርዱ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ምን ትገተራለህ፣ አማቼ? ነዳጅ አልቋል፤ ና ግፋ!»

ልጁ መጥቶ ገፋ። ሁለታችንም ከላይ እንደተቀመጥን፣ በሩን አልፎ፣ ቤቱን አልፎ፣ መቆም እንዳለበት ረስቶ፣ እየሳቀ ሐይቁ አፍ ድረስ ገፋን።