ፈንታው እሜቴን የገመተ ዕለት

ባሌ ፈንታው መኪና ሲገምት ውሃ አይቀምስም። ይህን መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቅ የለም። አንድ ሰው በራችንን አንኳኩቶ «ጋሽ ፈንታው፣ አንድ መኪና ላይ ዓይኔን ጥያለሁ፣ ይዩልኝ» ካለ፣ ገዢም ይሁን ሻጭ፣ ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ ከእጁ ሻይ እንኳ አይቀበልም። «ሻይ ከጠጣሁ አፌ ይለሰልሳል» ይላል። እኔ የሻለም፣ አርባ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሚስቱ፣ በዚህ ጠባዩ ስንት ጊዜ እንደ ተናደድኩ እግዜር ይወቀው። ለሰው ሲደክም ውሎ፣ ልብሱን ዘይት አስነክቶ፣ ሳንቲም ሳይቀበል በባዶ ሆዱ ይመለሳል። ምን አለበት ቢቀምስ? አይ ፈንታው!

አገማመቱም የራሱ ነው። መጀመሪያ ሻጩን ያስወርዳል። ቀጥሎ ሬዲዮኑን ያጠፋል። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ፊት ለፊቱ ያስቀምጥና ወደ ዳገቱ ይወጣል። ጫፍ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ደፍቶ፣ ሲበርድ ያዳምጣል። ሲመለስ ውሃው ምን ያህል እንደ ቀረ ያይና ከሁለት ነገር አንዱን ይናገራል። ወይ «ዋጋዋ ነው»፣ ወይ «ዋጋዋ አይደለም።» ክርክር የለም። ሻጭ ቢጮህ፣ ገዢ ቢለምን፣ ባርኔጣውን አንስቶ ወደ ቤቱ ነው። የገዛ ወንድሜ በእውቀቱ ሚኒባሱን ሊሸጥ ሲል «እባክህ፣ ለእኔ ስትል» ብሎ ቢለምነው፣ «ዋጋዋ አይደለም» አለና ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴን ሳይረግጥ ቀረ።

ለራሱ ግን መኪና ኖሮት አያውቅም። ዕድሜ ልኩን የነዳው የሰው ንብረት ነው፤ እሜቴን።

እሜቴ የሀጂ ጀብሪል የጭነት መኪና ናት። አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ በደጉ ጊዜ ሰማያዊ የነበረች፣ አሮጌ የጣልያን መኪና። ጀብሪል ገዛት፣ ፈንታው ነዳት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት። ስም ሲያወጡላት አንዱ በሙስሊም ስም ልጥራት፣ አንዱ በታቦት ስም ልጥራት ብለው ሲከራከሩ ሰንብተው በመጨረሻ እሜቴ ላይ ታረቁ። ከደጎሎ ስንዴ፣ ከከላላ ጤፍ ጭነው ደሴ ይወጣሉ። በሁዳዴ ፈንታው ሲጾም ጀብሪል ጋቢናው ውስጥ ሥጋ አያስገባም ነበር። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ፈንታው ሲጋራውን በኪሱ ይዞ፣ ሳያጨስ ይውላል። ጭቃ ሲይዛቸው ሁለቱም ሱሪያቸውን ጠቅልለው ድንጋይ ያነጥፋሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ። እንደዚያ ያለ ወንድማማችነት እኔ ዳግም አላየሁም።

እኔም ወደዚህ አገር የመጣሁት በእሜቴ ነው። ከላላ፣ አባቴ ቤት፣ ሙሽራ ሆኜ በበቅሎ እሄዳለሁ ብዬ ስጠብቅ እሷ ደጃችን ላይ ተገትራለች፤ አፍንጫዋ ላይ አበባ ታስሮላት። ሚዜዎቹ ከኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይዘፍናሉ። እኔ በፈንታውና በጀብሪል መሃል ተጣብቄያለሁ። ዳገቱ ላይ ስትጮህ ልቤ ሊወጣ ሲደርስ ጀብሪል «አብሽሪ እህቴ፣ ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው» አለኝ።

ይኸው ጀብሪል ከሞተ አራት ዓመቱ፣ እሜቴም ዝም ካለች ሰባት። በጀብሪል ግቢ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ጎማዋ አፈር ገብቷል። ፈንታው ቅዳሜ ቅዳሜ «ገበያ ደረስ ብዬ ልምጣ» ይለኝና እዚያ ሄዶ መስታወቷን ይወለውላል። የማላውቅ ይመስለዋል።

የጀብሪል ልጅ አሕመዲን ነገሩን ይዞብን የመጣው በጥቅምት ነው። በማሾ ንግድ እጁ ረጥቧል፤ ደግሞ ጨዋ ነው፣ ክፉ ስም የለበትም። ስልኩን አውጥቶ አንዲት ቀይ መኪና አሳየን። ዝቅ ያለች፣ በሯ ሁለት፣ ወንበሯ ሁለት። የእሽቅድምድም ዘር ናት፤ ፋብሪካው በዓለም ላይ አራት መቶ ብቻ ሠርቶ አቁሟል አለ። ስንተኛዋ እንደሆነች እንኳ ትንሽ ብረት ላይ ተጽፎባታል። አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ዘጠኝ ሚሊዮን ይላል። የቤንዚን መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ እንዲህ ያለች ዳግም አትገኝም ይላል።

«ዘጠኝ ሚሊዮን!» አልኩ። «ለሁለት ወንበር? ልጆችህን ኮፈኑ ላይ ልትጭናቸው ነው?»

«ወላሂ እትዬ የሻለም፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኛት ነው የኖርኩት። አሁን አላህ አደረሰኝ፤ ትንሽ ብቻ ጎደለኝ።» ቀና ብሎ ፈንታውን ማየት አቃተው። «የጎደለውን እሜቴን ሸጬ ልሞላው ነው። አንድ የብረት ነጋዴ ሰባት መቶ ሺህ እሰጣለሁ ብሎኛል። ግን ጋሽ ፈንታው፣ ቀይዋን እርስዎ ሳይገምቱልኝ አልገዛም። ዋጋዋ አይደለም ካሉኝ እተዋታለሁ። እሜቴም ባለችበት ትቆማለች።»

ፈንታው «እሺ፣ እናያታለን» ብቻ አለ። ልጁ ከበር ሲወጣ እኔ ጀመርኩ።

«በቃ፣ ዋጋዋ አይደለም በለው! ሁለት ቃል ናት። ማን ይፈርድብሃል?»

«ሳላያት?»

«አይተህ!»

«ሂጂ ወዲያ» አለና ባርኔጣውን አነሳ።

አዲስ አበባ ሦስታችንም ሄድን። እኔ ዓይኔን ለሐኪም ላሳይ ነው ብዬ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እሱን ልጠብቅ ነው። መሸጫው በሩም ግድግዳውም መስታወት ነው። ነጋዴው ሱፍ የለበሰ፣ ሲናገር ማር የሆነ ሰው፣ ማኪያቶ አስመጣ።

«አልጠጣም» አለ ፈንታው።

«ሻይ ይሁንልዎ?»

«አልጠጣም።»

«ውሃስ፣ አባቴ?»

«ውሃውን ለመኪናዋ አምጣልኝ፣ ግማሽ ብርጭቆ። አንተም አትገባም፤ ሻጭ ሲኖር አልገምትም።»

የነጋዴው ፈገግታ ጠፋ። ያለ እኛ ሰው አትወጣም፣ ትወጣለች፣ ሲባባሉ ቆይተው፣ አንድ ሠራተኛ አፉን ዘግቶ ጎኑ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ብርጭቆ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ቦታ ስለሌላት ፈንታው ውሃውን ለሠራተኛው አስያዘው! ያ የከተማ ልጅ እንደ ጠበል በሁለት እጁ ይዞ ሄደ። የባሌ አገባብስ ምኑ ይወራል። ተጎነበሰ፣ ታጠፈ፣ ቀሪውን እግሩን በእጁ ጎትቶ አስገባ።

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። አሕመዲን ጥፍሩን ይበላል። እኔ በልቤ «እመቤቴ፣ አፈር ስሆን፣ አንድ ብልሽት አውጪባት» እያልኩ እለምናለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እንጦጦን ወጥተው ተመለሱ። የሠራተኛው ሱሪ በውሃ ርሷል፤ ይስቃል። ፈንታውን ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣው። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በጀብሪል ቀብር ካልሆነ እንዲያ አይቼው አላውቅም።

«የሻለም፣ ገና ሳስበው ትታጠፋለች» አለኝ። «ሰባ ዓመቴን እታች ጥዬው ወጣሁ እኮ።» ከዚያ ወደ አሕመዲን ዞረ። «ዋጋዋ ነው።»

አሕመዲን እንኳ አልፈነጠዘም፤ ከፊቱ ላይ ደስታና ሐፍረት አንድ ላይ አየሁበት። «በእኛ መንገድ ላይስ፣ ጋሼ?» አለ ቀስ ብሎ።

«በእኛ መንገድ ሆዷ ድንጋይ ላይ ይቀራል። አንተ ግን የጠየቅኸኝ ዋጋዋን ነው።»

ነጋዴው ገንዘቡን በአንድ ሳምንት ሞልተህ አምጣ አለው። እኔ ከአዲስ አበባ እስከ ደጎሎ ፈንታውን አላናገርኩትም። ደጎሎ መኪና ስንቀይር ግን መቻል አቃተኝ።

«አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብትዋሽ ምን ነበረበት?»

«ምን በድላኝ ልዋሽባት? እንከን የላትም።»

«እሜቴስ ምን በደለችህ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እስክንደርስ የታጨደውን የገብስ ማሳ ሲያይ ነበር።

በአራተኛው ቀን የብረት ነጋዴው፣ ቢሻው የሚባል፣ መጫኛ መኪና ይዞ ከደሴ ጀብሪል ግቢ መጣ። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተደርድሯል። ፈንታውም ተጠርቶ መጣ፤ እኔም ተከትዬው። ቢሻው ገንዘቡን በከረጢት ይዞ «የከተማችሁን ልማድ ሰምቻለሁ» አለ። «ሰባት መቶ ሺህ ይዤ መጥቻለሁ። ጋሽ ፈንታው ዋጋዋ ነው ካሉ እጭናለሁ። ካላሉም እመለሳለሁ፤ በእርስዎ ቃል ላይ አልከራከርም።»

ዋጋው ደህና ዋጋ ነበር። ለማይነሳ ብረት እንዲያውም የተረፈ ነው። እኔም አውቃለሁ፣ አጥር ላይ ያለውም ሁሉ ያውቃል።

የአሕመዲን ሚስት ሀያት ሻይ ይዛ ወጣች። ለቢሻው ሰጠች፣ ለእኔ ሰጠች፣ ለሾፌሩ ሰጠች። ፈንታው ጋ ስትደርስ ልማዱን ስለምታውቅ አለፈችው።

«ሀያት» አላት። «ለእኔስ?»

ልጅቱ ቆማ ቀረች። ፈንታው እጁን ዘርግቶ አንድ ብርጭቆ አነሳ። ፉት አለ። ደግሞ ፉት አለ። እኔ የያዝኩትን ሻይ መቅመስ አቃተኝ።

ሲጨርስ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ እሜቴ ላይ ወጣ። በሯን ዘጋ። የሚነሳ ሞተር የለ፣ የሚወጣ ዳገት የለ፤ ዝም ብሎ መሪዋን ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ወረደና ቢሻው ፊት ቆመ።

«ዋጋዋ አይደለም።»

«እንዴ፣ ጋሽ ፈንታው፣ ብረት እኮ ነው! ታዲያ ዋጋዋ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ሚሊዮን።»

አጥሩ ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ቢሻውም ቀልድ መሰለው። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ።

«የእርስዎ ቃል አይታጠፍም ሲሉኝ ነበር፤ ለካ ወሬ ነው!»

በአርባ ዓመት ውስጥ ለባሌ እንዲህ ያለው ሰው የለም። ልመልስለት አፌን ስከፍት ፈንታው ቀደመኝ።

«ልክ ነህ» አለው። «ሻይ ጠጥቻለሁ።»

ወደ አሕመዲን ዞረ። «ሰባት መቶ ሺህ ዋጋዋ ነው፣ ይበዛባታል እንጂ። ዋሽቻለሁ። ንብረቱ የአንተ ነው፣ ልጄ፤ ሽጣት፣ አልቀየምህም። ከዛሬ ጀምሮ ግን መኪና ይዩልኝ ብሎ በሬን የሚያንኳኳ እንዳይኖር።» ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። አጥር ላይ የነበረው ሰው ዓይኑን ሰበረ፤ ወደ እሱ ያየ የለም።

አሕመዲን የተተወውን ብርጭቆ ከመሬት አነሳ። ሲያየው ቆየና ለቢሻው «ጋሼ ቃላቸውን ሰጥተዋል» አለው። «ዋጋዋ አይደለም። ይቅርታ፣ ለነዳጅህ የወጣውን እኔ እከፍላለሁ።»

ቀይዋን ሌላ ሰው ገዛት። አሕመዲን ፎቶዋን ከስልኩ አላጠፋም፤ አንዳንዴ ሲያይ አይቼዋለሁ፣ ያሳዝነኛል። በራችንን የሚያንኳኳም የለም። ባለፈው ከማሻ የመጣ እንግዳ ሰው ነገሩን ሳያውቅ «ጋሽ ፈንታው መኪና ይገምታሉ ብለውኝ» ቢል፣ ባሌ «እሱ ቀርቷል» ብሎ አሰናበተው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምሳውን ሳይነካ ዋለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሁን ገበያ ነው ብሎ አያታልለኝም። አብረን እንሄዳለን። እሱ መሪው ጋ ይቀመጣል፣ እኔ መሃል፣ እንደ ሙሽራነቴ። የጀብሪል ቦታ ባዶ ነው። ሀያት ሻይ ታመጣልናለች፤ እሱ ገና ስታመጣው ይጠጣል።

አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጠን ጠየቅሁት። «ፈንታው፣ የአርባ ዓመት ስምህን ለዚች ሰጠህ። ዋጋዋ ነው?»

ብርጭቆውን አሳየኝ። «ጠጥቻለሁ፤ እኔን አትጠይቂኝ።»

እኔ የራሴን ገና አልቀመስኩም ነበር። የጋቢናውን መስታወት አየሁ፣ የወለወለውን። የመሪውን ጫፍ አየሁ፣ በእጁ ያለቀውን።

«ዋጋዋ ነው» አልኩት። ከዚያ ሻዬን ጠጣሁ።