የጋሽ ከማል እናት ፍርሃት

ቅዳሜ፣ ማለዳ

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጥተን ለቡ ባቡር ጣቢያ ደረስን። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ዶክተር ሰሎሜ ስለ ፈንጣጣ ታሪክ ለሕዝብ ንግግር እንድታደርግ ድሬዳዋ ተጋብዛለች። እኔ አጃቢ ነኝ።

"ከምድር የጠፋ በሽታ ታሪክ ማን ሊሰማ ይመጣል?" ትላለች ደጋግማ።

መተሐራ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ግመሎች፣ ግራር። ሚኤሶ ሳንደርስ ሹራባችንን አወለቅን።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

የባጃጁ ሹፌር ታይዋን በሚባለው ገበያ በጫማና በስልክ ሻጮች መሃል እየተሹለከለከ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን። ሰሎሜ ስለ ፈንጣጣ ልትናገር እንደሆነ ነገርኩት።

"አቦ፣ ስለ ወባ ብታወራ አይሻልም? እሱ ገና አልለቀቀንም።"

ሰሎሜ ሳቀች፤ ፍርሃቷ ግን ባሰባት።

አዳራሹ ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ከነሥራ ልብሳቸው የመጡ ልጃገረዶች፣ ድሪያ የለበሱ እናቶች፣ የባቡር ጡረተኞች። ሰሎሜ ስለ ጥንቱ የአገር ቤት ክትባት አወራች። ከታማሚው ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጣ አድርገው ይቀቡት ነበር። ብዙዎች ድነውበታል፤ በዚያው የሞቱም ነበሩ።

"በኋላ የመጣው የመንግሥት ክትባት ሌላ ነው፤ ፈንጣጣ አያሲዝም። ስማቸው ግን አንድ ነበር" አለች።

ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ነው። ጋሽ ከማል ይባላሉ፤ የባቡር ጋራዥ ጡረተኛ።

"ከታቢዎቹ ሲመጡ እናቴ ጆንያ ውስጥ ደበቀችኝ። ከዚያ ፈንጣጣው ያዘኝ፤ ዓይኔንም ወሰደው። ታላቅ እህቴን የገደላት ክትባት ነው ትል ነበር። እኔ ደግሞ አላዋቂ ነሽ እላት ነበር። እውነቷን ይሆን፣ ዶክተር?"

ሰሎሜ ከመድረኩ ወርዳ አጠገባቸው ቆመች።

"ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ። በዚያኛው ክትባት የሞቱ ልጆች ነበሩ።"

"እንግዲያ ያየችውን ነው የፈራችው።"

"አዎ። ልጅ ቀብረው ነበራ።"

ተቀመጡ። ከጎናቸው ያለች ሴት በኦሮምኛ አንድ ነገር ብላ ውሃ አቀበለቻቸው።

ቅዳሜ፣ ምሽት

ሳቢያን ሰፈር፣ ጋሽ ከማል ቤት ተጋብዘናል። ባለቤታቸው ትኩስ ሳምቡሳና ቀረፋ የገባበት ሻይ አቀረቡልን።

"መስታወት ባየሁ ቁጥር እሷን እወቅስ ነበር" አሉ ጋሽ ከማል። "አንድ ቀን እንኳ መልሳልኝ አታውቅም። ስትሞት አላለቀስኩም።"

ባለቤታቸው ሻይ መቅዳታቸውን አቁመው አዩዋቸው። ይህን ሲሉ ሰምተው አያውቁም ነበር።

እሑድ፣ ጠዋት

ጋሽ ከማል ጣቢያ ሊሸኙን አብረውን ባጃጅ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ግን ባጃጁን መቃብር ቦታው በር ላይ አስቆሙና ብቻቸውን ገቡ። እኛ ውጭ ቆየን። ሲመለሱ የሱሪያቸው ጉልበት አቧራ ነበር።

"ይቅርታ ጠየቋቸው?" አለች ሰሎሜ ቀስ ብላ።

"አልወጣልኝም። 'ፈርተሽ ነው አይደል፣ እማ?' ብቻ ነው ያልኳት።"

ጣቢያው እስክንደርስ ስለ እናታቸው ሲያጫውቱን ሄዱ፤ ስለ ሳቋ፣ ገበያ ባረፈደች ቁጥር በወረቀት ጠቅልላ ስለምታመጣላቸው ጣፋጭ ሐላዋ። ባቡሩ ሲመጣ ገና አልጨረሱም ነበር።