ጽጌረዳ ሥር የተበተነ ባሩድ

ባሌ ዴልበርት ከእንጨት መሰንጠቂያው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ያለችው ጠረጴዛ ሁለተኛ ሚስቱ ሆናለች። የተተኮሰ ቀለህ ለቃቅሞ ያጥባል፣ ባሩድ ይሞላል፣ አረር ይተክልበታል። ልጃችን ጆሊን አጋዘን ማደን ከጀመረች አንስቶ የሱቅ ጥይት ተኩሳ አታውቅም። ዴልበርት "እወድሻለሁ" ማለት አይችልበትም፤ ጥይት ይሞላላታል።

እኔ ጠረጴዛዋን አልወዳትም ነበር። ምን ልደብቅ፣ ቀንቼባታለሁ። በርጩማው ላይ ከሱ በቀር ማንም አይቀመጥም። ሕጉም ብዙ ነው። ዋናው ግን ጠረጴዛው ላይ ከአንድ የባሩድ ጣሳ በላይ አለመቀመጡ ነው። ባሩድ ሲደባለቅ በዓይን አይለይም። ቀስ ብሎ በሚነደው ፋንታ ፈጥኖ የሚነደው ከገባ ጠመንጃው የተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል።

ባለፈው መስከረም አንድ ቀለህ ቅርጽ ማስያዣው ማሽን ውስጥ ተቀረቀረበት። ቅባት መቀባቱን ረስቶ ነው። "የጀማሪ ስህተት!" ብሎ ራሱን ሰደበና የቀለሁን ቂጥ በስቶ፣ ብሎን አስገብቶ ጎትቶ አወጣው። ሳቅሁበት። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ አረሮቹ ቀለህ ውስጥ እየሰመጡ አስቸገሩት። የቀለሁን አንገት ማጥበብ ረስቷል። ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት ፓይ ይዤለት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጣሳ ቆሟል፤ ሁለቱም ክዳናቸው ክፍት ነው።

"ዴል፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"መስፈሪያው ውስጥ የተረፈውን ባሩድ ወደ ጣሳው መልሼ ነው።"

"ወደ የትኛው?"

አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

"አላውቅም፣ ኖርማ። የጆሊንን ጥይት በየትኛው እንደሞላሁም አላውቅም።"

አንጀቴን በላው። እኔ የማውቀው መቆጣት ብቻ ነው፤ ሳህኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ማንም ሳያዘው ተነሳ። የሞላቸውን ጥይቶች መዶሻ በሚመስለው መንቀያ እየመታ አረራቸውን ነቀለ። ባሩዱንም ከየጣሳው ገልብጦ፣ እዚህ አገር እንደሚደረገው፣ ለማዳበሪያ ጽጌረዳዬ ሥር በተነው። ከዚያ የባሩዱን ቁም ሳጥን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

"ከሱቅ ትግዛ። እኔ ልጄን አልገድልም።"

ለጆሊን ደወልኩና ነገርኳት።

"አባዬ ያልሞላውን አልተኩስም" አለች።

"አንቺ ልጅ፣ ረሳ እኮ ነው የምልሽ!"

"እማዬ፣ አንቺስ ዓይን የለሽም?" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ። ባለጌ! በኔ ወጥታ ነው፣ ምን ላድርግ።

በማግስቱ አንድ አዲስ ጣሳ ባሩድ ገዛሁና ገብቼ በርጩማው ላይ ጉብ አልኩ። "ና እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ፣ አስተምረኝ።"

"ከዚህች ጠረጴዛ ጋር ተጣልታችሁ አልነበር?"

"ታርቀናል።"

ሳቀና ለራሱ የወጥ ቤት ወንበር አመጣ። እሱ ይሞላል፤ አረር ከመተከሉ በፊት እኔ እያንዳንዱ ቀለህ ውስጥ በባትሪ አያለሁ፤ ባዶ የቀረ ወይም ሁለቴ የተሞላ እንዳይኖር።

"አየሽ?"

"አየሁ።"

"ደግመሽ እይ።"

ድሮ ቢሆን ባትሪውን እወረውርበት ነበር። ደግሜ አየሁ። ጆሊን በዚያ ጥይት አጋዘኗን ጣለች፤ ቀንዱ አሁን ጋራዡ በር ላይ ተሰቅሏል።

ሐምሌ ላይ ጽጌረዳው አበደ፤ አጥሩ እስኪጠፋ አበበ። ዴልበርት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያየዋል።

"ምን አብልተሻቸው ነው፣ ኖርማ?"

"አንተ ነህ ያበላሃቸው።"

"እኔ?" ፊቱ በራ። "ጎበዝ ነኛ!"

"ጎበዝ ነህ፣ የኔ ጌታ" አልኩት። እንባዬ መጣብኝ፤ ቁልፉን ከኪሴ ሳወጣ ፊቴን አዞርኩ። "ና፣ የዘንድሮውን እንጀምር።"

"እሺ። ግን በርጩማዬ ላይ ማንም አይቀመጥም፣ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ" አልኩና የወጥ ቤቱን ወንበር ለራሴ ይዤ ተከተልኩት።