ሰምቶ መቅረት

ነቀምቴ የገባሁት ሐኪሞችንና ነርሶችን ላጽናና ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «ረዳት የሥነ ልቦና ባለሙያ» ይላል። ሆስፒታሉ የሰጠኝ ክፍል ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ወደ እኔ የሚገባውን ሰው ሁሉ ካርድ ለማውጣት የተሰለፈው ግማሽ ከተማ ያየዋል። ስለዚህ ማንም አይገባም። ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ግን «ዛሬስ ስንት እብድ አገኘሽ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ሲያልፉ ተመልሼ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ።

ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። «አከም ቡልቴ?» ሲሉኝ «ነጋ»፣ ሰላም፣ እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ጥሎኝ ይሄዳል። የተከራየሁት ቡርቃ ጃቶ የሚባል ሰፈር ነው። አከራዬን እንደ ሰፈሩ ሰው «አዴ»፣ እማማ እንደማለት፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ማንም ሳይጠራኝ ውዬ፣ ማታ ከእሳቸው አፍ ያቺን ቃል ብቻ ሰምቼ የምተኛበት ቀን ብዙ ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ብቸኝነትን ከእኔ በላይ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ለዚያ ነው።

አንድ ረቡዕ፣ የካርድ ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ ገባች። ምጥ የያዛቸውን ሴቶች አንዷን «ጀባዱ»፣ ሌላዋን «አብሽሪ» እያለች ስታበረታ ድምፅዋን ከግድግዳው ማዶ እሰማው ነበር። ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው ኪራሙ ወረዳ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ተቀመጠች፤ ብዙም ሳትቆይ ተናገረች።

«አባቴ ሞተ። ከተቀበረ አምስት ቀኑ።»

ታሞ ነው የሞተው። በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ዝግ ስለሆነ ሄዳ አልቀበረችውም። እናቷ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ወንድሟ ዘንድ ናቸው፤ ደም ግፊት አለባቸው። ወንድሞቿ ተሰባስበው እስኪያረዷቸው ድረስ ወሬው እንዳይወጣ ተባብለዋል።

«እሷ ሳትረዳ እኔ እዚህ ድንኳን ልጥል ነው? አንድ ሰው ከሰማ በስልክ ይደርሳታል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሥራ ገባሁ። ትናንት ሦስት አዋለድኩ። እልል ሲሉ አብሬ እልል አልኩ።»

ከዚያ አለቀሰች፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። እኔ የተማርኩትን አደረግሁ። ሶፍት አቀበልኳት፣ አተነፋፈስ አሳየኋት፤ በአራት ማስገባት፣ በስድስት ማስወጣት። እሺ ብላ ተነፈሰች። ለማንም ትንፍሽ እንደማልል ቃል ገባሁላት።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «ቅዳሜ ረፍት ነኝ። ቤቴ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፣ ሰማያዊው በር። ብቅ ብትዪ።»

«ሰኞ ጠዋት እዚሁ እንገናኝ» አልኳት።

ተገልጋይ ቤት አይኬድም። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ እኔም ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። ስም ሳልጠራ ለኃላፊዬ ደውዬ ስነግራት «በጣም ልክ ነሽ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁ።

ቅዳሜ ልብሴን አጠብኩ። የሚታጠበው ሲያልቅብኝ ንጹሕ ካልሲዎቼን አውጥቼ ደገምኳቸው። አዴ በረንዳቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ሰው ቤት አትሄጂም?»

«ማን ጠርቶኝ፣ አዴ?» አልኳቸው።

ሰኞ አዋላጇ አልመጣችም። ማክሰኞ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ እንደማንኛውም አላፊ «ነጋ» ብላኝ ሄደች። ማስታወሻዬ ላይ «ከሐዘኗ እየሸሸች ነው» ብዬ ጻፍኩ። እንዴት ያለ ድፍረት ነው! አሁን ሳነበው እጄን ይበላኛል፤ ገጹን ብቀደው ደስ ይለኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናትየው ተረዱ፣ ነቀምቴም እሷ በር ላይ ድንኳን ተጣለ። የሆስፒታሉ ሠራተኛ በሰርቪስ ተጭኖ ሄደ፤ እኔም መሃላቸው ተጠጋግቼ ተቀመጥኩ። ሦስት ሆነን ነበር በሁለት ሰው ወንበር ላይ። ያሳፍራል እንጂ፣ ለቅሶ እየሄድኩ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁሉም ተራ በተራ «ዋቀዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ»፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያሉ አቀፏት። ወቀሷትም። «ምነው? ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን? ሰው የለሽም እንዴ?» «ይቅር በሉኝ» አለቻቸው። የእኔ ተራ ደረሰና አቀፍኳት። እሷም አጥብቃ አቀፈችኝ። በጆሮዬ ነው የነገረችኝ።

«እነሱስ አልሰሙም። አንቺ ግን ሰምተሽ ቀረሽ።»

አፌን ስከፍት አላስጨረሰችኝም። «ያን ቅዳሜ ምንጣፍ አንጥፌ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ ነው የዋልኩት። አንድ ሰው እንኳ ከመጣ ለቅሶ ይሆንልኛል ብዬ።»

ከዚያ ለቀቀችኝና ከኋላዬ የቆመችውን ሴት አቀፈች።

የተጣላ ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። እኔ ምስጢር አደራ ተሰጠኝ ብዬ ስኮራ ከርሜአለሁ፤ እሷ ለካ ለቅሶ ጠርታኝ ነበር። ያለችኝ ለቀስተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ቀጠሮ ሰጠኋት።

ስንመለስ ሰርቪሱ ላይ አልወጣሁም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተነስቼ በእግሬ እስከ ግቢያችን በር ሄድኩ። አዴ ጨው ለመግዛት የሚሄዱትን ያህል ነው፤ አምስት ደቂቃም አልሞላ። ያን ቅዳሜ እሷ በሯን ገርበብ አድርጋ ስትጠብቀኝ፣ እኔ አምስት ደቂቃ ርቄ ንጹሕ ካልሲ እያጠብኩ ማንም አልጠራኝም እል ነበር።